«አቧራ ሆኖ ቀረ» ለሚሉ፦ ስለ ጽንፈ ዓለም ግሽበት ማስረጃ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጽንፈ ዓለም በመጀመሪያዋ ቅጽበት በድንገት ተነፋ የሚለው ትምህርት ማስረጃ የሌለው እምነት ነው ይላል። ጽሑፉ ባማረ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ከጠቀሷቸው ክስተቶች ብዙዎቹም በእርግጥ የተፈጸሙ ናቸው። ስሕተቱ ያለው ከክስተቶቹ በተወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው። ፊዚክስ የሚማሩ ወጣቶች ሳይቀሩ ተቀብለው ሲያጋሩት ማየት ስለሚያሳስብ ነጥብ በነጥብ መልስ ይገባዋል።

የጸሐፊው ክርክር እንዲህ ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ግሽበት ከብርሃን የፈጠነ መስፋፋትን ስለሚጠይቅ የአንስታይንን ሕግ ይጥሳል። ሁለተኛ፣ በ2014 «ማስረጃው ተገኘ» ተብሎ ከታወጀ በኋላ የታየው ነገር የጋላክሲያችን አቧራ ሆኖ ስለቀረ መሣሪያዎቹም ተመራማሪዎቹም አይታመኑም። ሦስተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ተፈልጎ ምንም ስላልተገኘ ንድፈ ሐሳቡ ሞቷል። አራተኛ፣ ግሽበት ከየትኛውም ውጤት ጋር እንዲስማማ ስለሚጠመዘዝ ሳይንስ ሊባል አይችልም። አምስተኛ፣ በዚያች ቅጽበት ማንም አልነበረም፤ ጽንፈ ዓለም 380 ሺህ ዓመት ሳይሞላው የሆነውን ደግሞ በብርሃን ማየት ስለማይቻል ማወቅም አይቻልም። በመጨረሻ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያያቸውን ቀደምት ጋላክሲዎች ለማጠናከሪያ ያነሳሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። «ግሽበት» ከገበያ የምናውቀው ቃል ቢሆንም እዚህ የሚነፋው ራሱ ኅዋው ነው። ሐሳቡን አሌክሲ ስታሮቢንስኪ በ1980፣ አላን ጉዝ በሌላ መንገድ በ1981 አቀረቡት፤ አንድሬ ሊንዴ እንዲሁም አንድሪያስ አልብሬክትና ፖል ስታይንሃርት በ1982 አሻሻሉት። ሰከንድን 1 ተከትለው 35 ዜሮዎች ለሚደረደሩበት ቁጥር አካፍሎ በሚገኝ ኢምንት ጊዜ አካባቢ፣ ማንኛውም ርቀት 1 ተከትለው 26 ዜሮዎች በሚደረደሩበት ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ ተባዛ ይላል። የኳንተም መዋዠቆች፣ ማለትም በኢምንት ስፋት ያሉ የተፈጥሮ መናወጦች፣ አብረው ተለጠጡና ኋላ የጋላክሲዎች ዘር ሆኑ። ኅዋውም ሲለጠጥ የስበት ሞገድ ትቶ አለፈ፤ ዛሬ የሚፈለገው የዚህ ሞገድ አሻራ ነው።

የብርሃን ፍጥነት ጉዳይ በቀላሉ የሚመለስ ነው። አንስታይን የከለከለው አንድ አካል በአጠገቡ የሚያልፈውን ብርሃን ቀድሞ በኅዋ ውስጥ እንዲጓዝ ነው። ኅዋው ራሱ ሲለጠጥ በሁለት ሩቅ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በምን ያህል ፍጥነት ሊያድግ እንደሚችል ጠቅላላው አንጻራዊነት ጣሪያ አላበጀም። ምሳሌ ፍለጋ ወደ መጀመሪያዋ ቅጽበት መሄድም አያስፈልግም። ዛሬ መስፋፋቱ በእያንዳንዱ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲሰላ ከእኛ 14 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ጋላክሲ በብርሃን ፍጥነት እየራቀን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ከብርሃን ይፈጥናል። እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎች በቴሌስኮፕ ይታያሉ። ጸሐፊው በዚህ መከራከሪያ ከጸኑ ሊቃወሙ የሚገባቸው የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት በጠቅላላው ነው፤ እርሱን ግን በጽሑፋቸው ተቀብለውታል።

ሁለተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ የተነገረው ክስተት እውነት ሆኖ ሳለ ዝርዝሩ ግን ወደ ሌላ ድምዳሜ ይወስዳል።

ጽንፈ ዓለም 380 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀው ጥንታዊ ብርሃን ዛሬ ወደ 2.725 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ቀዝቅዞ በማይክሮዌቭ ይደርሰናል። ይህ ብርሃን በመጠኑ ፖላራይዝድ ነው፤ ሞገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ አድልቶ ይወዛወዛል ማለት ነው። የውዝዋዜው አቅጣጫ በሰማይ ላይ ሲሣል ሁለት ዓይነት ንድፍ ይሰጣል። አንደኛው ኢ-ሞድ ይባላል፤ በመስታወት ቢታይ አይለወጥም፤ ምንጩም በዋናነት የቁስ እፍጋት ከቦታ ቦታ መበላለጡ ነው። ይህን በደቡብ ዋልታ የተተከለው ዳዚ የተባለ ቴሌስኮፕ በ2002 አግኝቶታል። ሁለተኛው ቢ-ሞድ ነው፤ እንደ አዙሪት ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የተጠማዘዘ፣ በመስታወት ሲታይ የሚገለበጥ። የእፍጋት መበላለጥ በዚያ ዘመን ይህን አዙሪት ሊሠራ አይችልም፤ የስበት ሞገድ ግን ይችላል። የስበት ሞገዱ ኃይል ከእፍጋት መዋዠቁ ኃይል ጋር ተነጻጽሮ የሚገኘው ጥምርታ «አር» ተብሎ ይጠራል። ሙግቱ ሁሉ በዚህች አንድ ቁጥር ዙሪያ ነው።

የ2014ቱ ማስታወቂያ ምንጭ የሆነው ባይሴፕ 2 በደቡብ ዋልታ፣ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ከፍ ባለ በረዶ ላይ፣ ከ2010 እስከ 2012 ሰማዩን ያየ ቴሌስኮፕ ነው። ቦታው የተመረጠው ውርጩ የአየሩን እርጥበት ስለሚያደርቀው ነው፤ የውሃ ተን ማይክሮዌቭን ይውጣል፣ ራሱም ያበራል። የቴሌስኮፑ ቀዳዳ ስፋት 26 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ጸሐፊው በዚህ ትንሽነት ተገርመዋል፤ ነገር ግን ታስቦበት የተደረገ ነው። የሚፈለገው ንድፍ በሰማይ ላይ 2 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም የሙሉ ጨረቃን አራት እጥፍ ስፋት ይይዛል፤ እሱን ለመለየት ትልቅ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ትንሽ ሲሆን ደግሞ ሌንሶቹን በ4 ኬልቪን ማቀዝቀዝና ዙሪያውን ከመሬት የሚመጣውን ጨረር በሚመልስ መከለያ መጋረድ ይቻላል።

በውስጡ 512 ዲቴክተሮች ነበሩት፤ ከ0.3 ኬልቪን በታች ይቀዘቅዛሉ። የተሠሩበት ስስ ብረት የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ሊጠፋ አፋፍ ላይ እንዲቆይ ይደረጋል፤ እዚያ አፋፍ ላይ ኢምንት ሙቀት ሲነካው መቋቋሙ በብዙ ይለወጣል። ዲቴክተሮቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፦ አንዱ ወደ ቁመት፣ ሌላው ወደ አግድም የሚወዛወዘውን ይለካል። የአንዱ ንባብ ከሌላው ሲቀነስ፣ ፖላራይዝድ ያልሆነው የከባቢ አየር ጨረር ይጠፋል። ችግር የሚመጣው ጥንዶቹ ፍጹም አንድ ቦታ ሳያዩ ሲቀሩ ነው፤ ያን ጊዜ ከቢ-ሞዱ በሺህ እጥፍ የሚበልጠው የሙቀት መበላለጥ ፖላራይዜሽን መስሎ ይሰርጋል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ቴሌስኮፑ በራሱ ዘንግ ዙሪያ እየተሽከረከረ ያንኑ ሰማይ በተለያየ ማዕዘን ደጋግሞ ያያል፤ የቀረው ሰርጎ ገብ ደግሞ ከሙቀት ካርታው ተሰልቶ ይወጣል። የዲቴክተሮቹ ማዕዘን ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። ማዕዘኑ በ1 ዲግሪ ከተሳሳተ ከኢ-ሞዱ መጠን 3.5 በመቶው ቢ-ሞድ መስሎ ይታያል፤ ይህ ብቻውን ከሚፈለገው ምልክት ጋር ሊስተካከል ይችላል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ዳታው ለሁለት ይከፈልና አንዱ ግማሽ ከሌላው ይቀነሳል፦ ወደ ግራ ሲጠርግ የታየው ወደ ቀኝ ሲጠርግ ከታየው፣ የቀደመው ጊዜ ከኋለኛው፣ አንዱ የዲቴክተር ቡድን ከሌላው። ሰማዩ በሁለቱም ግማሾች አንድ ስለሆነ ይጠፋል፤ ዜሮ ካልመጣ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። ባይሴፕ 2 እንዲህ ያሉ 14 ፈተናዎችን አልፏል። ስለዚህ መጋቢት 17 ቀን 2014 «አር 0.20 ገደማ ነው» ተብሎ ሲታወጅ፣ የታየው አዙሪት በእርግጥ ሰማይ ላይ ነበር። መሣሪያው አልዋሸም። ዛሬም ያ ምልክት አለ፤ የተለወጠው የምንጩ ትርጓሜ ነው።

ለምን ተሳሳቱ? ባይሴፕ 2 የሚያየው በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ በ150 ጊጋኸርዝ ብቻ ነበር። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያሉ ሞላላ የአቧራ ቅንጣቶች በጋላክሲው መግነጢሳዊ መስክ ተሰልፈው በ20 ኬልቪን ገደማ ሙቀት ያበራሉ፤ ብርሃናቸውም ፖላራይዝድ ሆኖ ኢ-ሞድንም ቢ-ሞድንም ይሠራል። አቧራን ከጥንታዊው ብርሃን የሚለየው ቀለሙ ነው፦ በጥንታዊው ብርሃን የሙቀት ልኬት ሲቀመጥ ጥንታዊው ምልክት በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ይወጣል፤ አቧራው ግን በ353 ጊጋኸርዝ በ150 ካለው 25 እጥፍ ያህል ይደምቃል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም። የፕላንክ ሳተላይት 353 ጊጋኸርዝን ያይ ስለነበር በመስከረም 2014 ያ የሰማይ ክፍል ከታሰበው በላይ አቧራ እንዳለበት አሳየ። በጥር 2015 መጨረሻ ሁለቱ ቡድኖች ዳታቸውን አዋሕደው «አር ከ0.12 በታች ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ነገር አለ። ውጤቱ በሌሎች ባለሙያዎች ሳይገመገም በጋዜጣዊ መግለጫ መታወጁ ስሕተት ነበር። የአቧራው ግምት ገና ያልበሰሉ ሞዴሎችን፣ አንዱማ በጉባኤ ላይ ከታየ የፕላንክ ምስል የተቀዳ መረጃን መደገፉ ደግሞ ይበልጥ የሚያስወቅስ ነው። ነገር ግን «አይታመኑም» የሚለው ድምዳሜ ከዚህ አይወጣም። እርማቱ ከ11 ወር ባነሰ ጊዜ የመጣ ሲሆን በእርማቱ ላይ ከፈረሙት መካከል ማስታወቂያውን ያወጡት ተመራማሪዎች ራሳቸው አሉበት። «አቧራ ነው» የሚለው ዕውቀት ለጸሐፊው የደረሳቸው አይታመኑም ካሏቸው ሰዎች እጅ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ «ከዚያ ወዲህ ምንም አልተገኘም» የሚለው፣ ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያሳስት ይመስለናል። ያለመገኘት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሽንብራ ወንፊት ነፍቶ ጤፍ ያጣ ሰው ጤፍ የለም ሊል አይችልም፤ የወንፊቱን ቀዳዳ የለካ ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ፍሬ የለም ብሎ በእርግጠኝነት ይናገራል። ከ2015 ወዲህ የተሠራው ወንፊቱን የማጥበብ ሥራ ነው። በቢ-ሞድ ልኬት ብቻ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ የ«አር» ጣሪያ ከ0.12 ወደ 0.09፣ ከዚያም በ2018 ወደ 0.07፣ በ2021 ወደ 0.036 ወረደ።

እንዴት ወረደ? ፍሪኩዌንሲ በመጨመር። ከመሬት የሚያይ መሣሪያ የፈለገውን ፍሪኩዌንሲ መምረጥ አይችልም፤ ኦክስጅን በ60ና በ118 ጊጋኸርዝ፣ የውሃ ተን በ183 መንገዱን ይዘጋሉ። ክፍት የሚሆኑት መስኮቶች በ95፣ በ150 እና ከ220 እስከ 270 አካባቢ ናቸው። የባይሴፕ 2 ተተኪ የሆነው ባይሴፕ 3 ቀዳዳውን ወደ 52 ሴንቲ ሜትር፣ ዲቴክተሮቹን ወደ 2,400 አሳድጎ አቧራው በሚደክምበት በ95 ጊጋኸርዝ ያያል። በዚያው በደቡብ ዋልታ ከነበሩት የኬክ ቴሌስኮፖች ከፊሎቹ አቧራው ወደሚደምቅበት ወደ 220 ተዛወሩ። የፕላንክና ከእሱ የቀደመው የደብሊውማፕ ሳተላይት ካርታዎች ሲጨመሩ የ2021ዱ ትንታኔ ከ23 እስከ 353 ጊጋኸርዝ ያለውን ሸፍኗል። ዝቅተኛዎቹ የሚያስፈልጉት በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች የሚሰጡትን ጨረር ለመያዝ ነው፤ እሱ ከአቧራ በተቃራኒ ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ ይደምቃል። ሁሉም በአንድነት ሲሰላ የ«አር» ምርጥ ግምት 0.014 ሆኖ ወደ ላይ 0.010፣ ወደ ታች 0.011 ስሕተት አለው። ከዜሮ ጋር ይስማማል፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ትንሽ ቁጥር ጋርም ይስማማል።

አሁን ያለው ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነው። በመንገድ ላይ ያሉ ጋላክሲዎች በስበታቸው ጥንታዊውን ብርሃን ሲያጎብጡ ከኢ-ሞዱ ጥቂቱን ወደ ቢ-ሞድ ይለውጡታል። ይህ በ2013 በደቡብ ዋልታ ቴሌስኮፕ ተገኝቷል። ቀለሙ ከጥንታዊው ብርሃን ጋር አንድ ስለሆነ ፍሪኩዌንሲ መጨመር አያስወግደውም። መፍትሔው የ10 ሜትር ስፋት ያለውን ያን ቴሌስኮፕ በዚያው ሰማይ ላይ አነጣጥሮ መጉበጡን በጥቃቅን ዝርዝር መለካት፣ ከዚያም የሚያመጣውን ቢ-ሞድ አስልቶ መቀነስ ነው። ይህ ሥራ እየተሠራ ነው።

0.036 የሚለው ቁጥር «ምንም» አይደለም። በጣም ቀላልና ተወዳጅ የነበረው የግሽበት ሞዴል፣ ግሽበቱን የሚነዳው መስክ ኃይል በመስኩ ካሬ የሚያድግበት፣ ከ0.13 እስከ 0.16 ይጠብቅ ነበር፤ ወድቋል። መስኩ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን የሚያድገው ከዚያም የበለጠ ስለሚጠብቅ ቀድሞ ወድቋል። የስታሮቢንስኪ ሞዴል የሚጠብቀው ከ0.003 እስከ 0.005 ያህል ነው፤ እዚያ ወንፊቱ ገና አልደረሰም። ስለዚህ «ሞቷል» ለማለት ጊዜው አይደለም።

ይህ ወደ አራተኛው ነጥብ ያሻግረናል፤ ምክንያቱም ሞዴሎች የሚወድቁ ከሆነ «ከማንኛውም ውጤት ጋር ይስማማል» ማለት አይቻልም። ጸሐፊው በአንድ በኩል ግሽበት በመረጃ ሞቷል፣ በሌላ በኩል በመረጃ ሊሞት አይችልም ይላሉ፤ ሁለቱ አብረው አይቆሙም። ግሽበት ተፎካካሪ ነበረው፦ በ1990ዎቹ የጋላክሲዎች ዘር ኮስሚክ ስትሪንግ ከሚባሉ ቀጫጭን የኃይል ክሮች ነው የሚል። በዚያ ሐሳብ መሠረት በጥንታዊው ብርሃን ውስጥ ያለው የሙቀት መዋዠቅ በ1 ዲግሪ አካባቢ ጉልህ ጫፍና ተከታታይ ጫፎች ሊኖሩት አይገባም ነበር። በአንታርክቲካ በፊኛ የተሰቀለው ቡሜራንግ የተባለ ቴሌስኮፕ በ2000 የመጀመሪያውን ጫፍ በግልጽ አሳየ፤ ተከታዮቹም መጡ፤ ክሮቹ ዋና ምንጭ መሆናቸው ቀረ። ውጤቱ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ የሚወድቀው ግሽበት ነበር።

ሌላም አለ። ቪያቸስላቭ ሙካኖቭና ጌናዲ ቺቢሶቭ ገና በ1981 መዋዠቁ በሁሉም ስፋት ፍጹም እኩል እንደማይሆን፣ በትልልቁ ስፋት ትንሽ እንደሚያይል አሰሉ። ፍጹም እኩል ቢሆን መለኪያው 1 ይሆናል። ፕላንክ 0.965 ሲደመር ሲቀነስ 0.004 አገኘ፤ ከ1 ያለው ርቀት ከስሕተቱ 8 እጥፍ ይበልጣል። ትንበያው ከልኬቱ ከ30 ዓመት በላይ ቀድሟል። የኅዋ ጠፍጣፋነትም በሺዎች ክፍልፋይ ደረጃ ተረጋግጧል።

ነገር ግን ለጸሐፊው ልንተውላቸው የሚገባ ነገር እዚህም አለ። ግሽበት አንድ ሞዴል ሳይሆን የብዙ ሞዴሎች ቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡን በጠቅላላ በአንድ ልኬት መጣል ከባድ ነው። «አር» ከ0.001 በታች ቢሆን እንኳ አንዳንድ ሞዴሎች ይተርፋሉ። ሐሳቡን ካሻሻሉት አንዱ የሆነው ስታይንሃርት ራሱ በዚህ ምክንያት ዋና ተቺ ሆኗል፤ በ2017 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ላቀረበው ትችት 33 ሳይንቲስቶች ፈርመው መልሰዋል። በ2025 በቺሊ የነበረው የአታካማ ቴሌስኮፕ ውጤት ከፕላንክና ከጋላክሲዎች ካርታ ጋር ተዋሕዶ ያንን 0.965 ወደ 0.974 ገፍቶታል፤ ይህ ከጸና የስታሮቢንስኪ ሞዴል ይጨነቃል። ክርክሩ ሕያው ነው፤ የሚካሄደው ግን በቁጥር ነው።

«ማንም አልነበረም» ለሚለው መልሱ በጥንታዊው ብርሃን ላይ ተጽፏል። ግሽበት ባይኖር፣ ብርሃኑ በተለቀቀበት ጊዜ በሰማይ ላይ ከ2 ዲግሪ ገደማ በላይ የሚራራቁ ቦታዎች ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ደብሊውማፕ በ2003 ከዚያ በሚሰፋ ርቀት ላይ የሙቀቱና የፖላራይዜሽኑ መዋዠቆች እርስ በርስ ተያይዘው አገኛቸው። በዚያ ስፋት ያለው ፖላራይዜሽን የተሠራው ብርሃኑ በተለቀቀበት ጊዜ ስለሆነ፣ ትስስሩ ኋላ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ከዚያ በፊት አንድ ነገር አገናኝቷቸዋል። በእርግጥ ይህ ብቻውን ግሽበትን አያረጋግጥም፦ ጽንፈ ዓለም ተኮማትሮ ነጠረ የሚለው ሐሳብም ይህን ሊያስረዳ ይሞክራል። ሁለቱን የሚለያየው ያው «አር» ነው፤ የመንጠር ሞዴሎች በአብዛኛው ሊለካ የሚችል የስበት ሞገድ አይጠብቁም። «አር» 0.01 ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ግሽበቱ የተካሄደበት ኃይል ዛሬ በጄኔቫ የቅንጣት ማጋጫ ከሚደረሰው አንድ ትሪሊዮን እጥፍ ገደማ እንደነበር ይነግረናል።

የጄምስ ዌብ ጋላክሲዎች እዚህ ክርክር ውስጥ የሚገቡበት በር የለም። ከሁሉ የራቁት ከቢግ ባንግ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ የነበሩ ናቸው፤ የሚያነሱት ጥያቄም ከዋክብት ምን ያህል ቶሎ ተወለዱ የሚል ነው።

ቀጣዩ ልኬት ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። በቺሊ ሴሮ ቶኮ ተራራ ላይ፣ በ5,200 ሜትር ከፍታ የተተከለው የሳይመንስ ኦብዘርቫቶሪ ትንንሾቹ ቴሌስኮፖች እያዩ ነው። የጃፓኑ ላይትበርድ ሳተላይት ደግሞ በ2030ዎቹ ሲወነጨፍ መላውን ሰማይ አይቶ የ0.001 ደረጃ ላይ ለመድረስ ታቅዷል። መላ ሰማይ ማየቱ ከመሬት ሆኖ ለመለካት እጅግ የሚከብደውን ከ20 ዲግሪ በላይ የሚሰፋውን የቢ-ሞዱን ሁለተኛ ጉብታም (ምልክቱ ጎላ የሚልበትን ሁለተኛ ስፋት) ያሳያል። ስለዚህ «ተገኘ» የሚል ዜና እንደገና ሲመጣ አንባቢ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው፦ በስንት ፍሪኩዌንሲ ታየ? አቧራ በሚበዛበትም በሚያንስበትም የሰማይ ክፍል ያው ቁጥር ወጣ? የዲቴክተሮቹ ማዕዘን በምን ተረጋገጠ? በስበት መጉበጥ የመጣው ቢ-ሞድ ምን ያህሉ ተቀነሰ? በ2014 ከእነዚህ የመጀመሪያው እንኳ አልተሟላም ነበር።